ፊዚክስ ለማጥናት ለሚያስቡ ልጆች የተሰጠው ምክር ይስተካከል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ልጆቻቸውን ወደ አሜሪካ ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ለመላክ ለሚዘጋጁ ወላጆች ሰሞኑን ያወጣችሁትን ምክር አዘል ጽሑፍ በጥሞና አነበብሁት። ስለ ማመልከቻ ጊዜ፣ ስለ እንግሊዝኛ ፈተናና ስለ ቪዛ የሰፈረው አብዛኛው ትክክልና ጠቃሚ ነው። ሆኖም ልጁ ፊዚክስ ወይም ሌላ የተፈጥሮ ሳይንስ ማጥናት የሚፈልግ ከሆነ ወላጅ ሊበራል አርትስ የሚባሉትን ትንንሽ ኮሌጆች ገና ከመጀመሪያው ከዝርዝሩ እንዲሰርዝ የሚመክረው አንቀጽ ትክክል አይደለም፤ ብዙ ቤተሰብንም ከጥሩ ዕድል ሊያርቅ ስለሚችል ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። የምኖረው በኦሃዮ ግዛት ሲሆን የማስተምረውም በእንዲህ ዓይነት ኮሌጅ ውስጥ ፊዚክስ ነው። ደመወዜ ከዚያ እንደሚመጣ አንባቢ አውቆ ቢያነብልኝ ይሻላል፤ ስለዚህም የኮሌጆቹን ጉድለት ሳላድበሰብስ ለመጻፍ ሞክሬአለሁ።

እነዚህ ኮሌጆች ብዙውን ጊዜ ከ1,500 እስከ 2,500 የሚደርሱ ተማሪዎች ያሏቸው፣ በዋናነት የመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጡ የአራት ዓመት ተቋማት ናቸው። ተማሪው ሲገባ ዲፓርትመንት አይመደብለትም፤ የሚመረቅበትን ዘርፍ የሚያስመዘግበው አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። በአራቱ ዓመታት ከሚወስዳቸው ሠላሳ ሁለት ያህል ኮርሶች ውስጥ ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆነው ፊዚክስና ለፊዚክስ የሚያስፈልገው ሒሳብ ሲሆን፣ ቀሪው ታሪክ፣ ቋንቋ፣ ፍልስፍና፣ ኢኮኖሚክስና የመሳሰለው ነው። የእኛን ወላጆች የሚያስፈራቸውም ይኸው ቀሪው ነው፤ ልጁ ታሪክና ፍልስፍና በተማረ ቁጥር ፊዚክሱ የሚሳሳ ይመስላቸዋል።

የኮርሶቹን ቅደም ተከተል ላየ ሰው ግን ስጋቱ ብዙም መሠረት የለውም። በመጀመሪያው ሴሚስተር በካልኩለስ የሚሰጥ መካኒክስ፣ በሁለተኛው ኤሌክትሪክና ማግኔት፣ በሦስተኛው ደግሞ የአንስታይንን የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብና የኳንተምን መነሻ የሚያስተዋውቀው ዘመናዊ ፊዚክስ የሚባለው ኮርስ ይወሰዳል። ጎን ለጎን ሒሳቡ እስከ ሊኒየር አልጀብራና ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን ይዘልቃል። በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ክላሲካል መካኒክስ፣ ጠለቅ ያለ ኤሌክትሮማግኔቲዝም፣ ኳንተም መካኒክስ፣ ቴርሞዳይናሚክስና ስታቲስቲካል መካኒክስ ይመጣሉ። ትልቅ ስም ባለው ዩኒቨርሲቲ የሚማር የፊዚክስ ተማሪም ለመጀመሪያ ዲግሪው የሚያልፍባቸው ዋና ዋና ኮርሶች እነዚሁ ናቸው፤ መማሪያ መጽሐፉ እንኳ ብዙ ጊዜ ያው አንድ መጽሐፍ ነው። መለየት የሚጀምረው ማን ያስተምረዋል፣ ስንት ሰው ይቀመጥበታል፣ ተማሪውስ ምን ይሠራበታል የሚለው ሲጠየቅ ነው።

በትልልቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያ ዓመት ፊዚክስ ሁለትና ሦስት መቶ ተማሪ በሚይዝ አዳራሽ መሰጠቱ የተለመደ ነው፤ ቤተ ሙከራውንና የመልመጃ ክፍለ ጊዜውን የሚመሩት ደግሞ በአብዛኛው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ናቸው። ከእነርሱ መካከል እጅግ ጎበዝ አስተማሪዎች አሉ፤ ከአገራችን መጥተው በዚሁ ሥራ የትምህርት ወጪያቸውን የሚሸፍኑም ጥቂት አይደሉምና አላቃልላቸውም። በትንሹ ኮሌጅ ግን የፊዚክስ ድኅረ ምረቃ ተማሪ ስለሌለ ጠዋት ክፍል ገብቶ ያስተማረው ፕሮፌሰር ከሰዓት በኋላ ቤተ ሙከራ ውስጥ ቆሞ የተማሪውን ሽቦ ሲፈትሽ ይውላል። በላይኞቹ ዓመታት ኮርሶች ላይ ስድስት ወይም አሥር ተማሪ ብቻ መቀመጡ የሚያስገርም አይደለም። በማሳቹሴትስ የሚገኘው ዊልያምስ ኮሌጅማ ቱቶሪያል በሚለው የማስተማሪያ ዘዴ ሁለት ተማሪዎችን ብቻ በየሳምንቱ ከአስተማሪያቸው ጋር ያገናኛል፤ አንዱ የሠራውን ያቀርባል፣ ሌላው ይሞግተዋል፣ አስተማሪው በመካከል ያርማል። ቆጥሮ ያደረውን ቅኔ ለመምህሩ ነግሮ የሚታረምን የቅኔ ተማሪ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ የጓደኛን ሥራ ገልብጦ መጥቶ ዝም ብሎ መቀመጥ አይቻልም።

በአገር ቤት ሳለን ብዙዎቻችን ፊዚክስን የተማርነው በጥቁር ሰሌዳና በቀመር ስለሆነ፣ ስለ ቤተ ሙከራው ትንሽ ረዘም አድርጌ እንድጽፍ ይፈቀድልኝ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት ከሚሠሩት ሙከራዎች አንዱ የአሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ የሚሊካን የዘይት ጠብታ ሙከራ ነው። ተማሪው በሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች መካከል የዘይት ብናኝ ይረጭና በትንሽ ማጉያ መነጽር ሲመለከት ጠብታዎቹ በጨለማው ውስጥ የሚያበሩ ነጥቦች ሆነው ይታዩታል። ከእነርሱ አንዷን ይመርጣል፤ ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ በራሷ ክብደት ስትወርድ፣ ሲበራ ደግሞ ወደ ላይ ስትሳብ፣ በመስመር የተከፋፈለውን ርቀት በስንት ሰከንድ እንደምታልፍ ይለካል። ዓይን ይደክማል፣ ጠብታዋ ከዕይታ ታመልጣለች፣ ሌላ ተይዞ ሥራው እንደገና ይጀመራል። ከብዙ ጠብታ በኋላ ከእነዚህ ልኬቶች ተሰልተው የተገኙት የቻርጅ (ጠብታዋ የያዘችው የኤሌክትሪክ) መጠኖች እንደ ነገሩ ተበታትነው ሳይሆን የአንድ ትንሽ መጠን ብዜቶች ሆነው ሲደረደሩ፣ ተማሪው የኤሌክትሮንን ቻርጅ በገዛ እጁ ለካ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ የሚመዘገበው ገጾቹ በተቆጠሩ ደብተር ላይ በእስክሪብቶ ነው። የተሳሳተ የመሰለ ቁጥር በአንድ ሰረዝ ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም፣ ገጹም አይቀደድም፤ ከሳምንት በኋላ የተሰረዘው ትክክለኛ፣ የቀረው ስሕተት ሆኖ ሊገኝ ይችላልና። ውጤቱም ከነጥርጣሬው መጠን፣ ማለትም ከስንት እስከ ስንት ባለው ውስጥ እንደሚገኝ ተገልጾ መጻፍ አለበት፤ ይህ የሌለው ቁጥር የቱንም ያህል ወደ ትክክለኛው ቢቀርብ ሙሉ ነጥብ አያሰጥም። ሚሊካን ራሱ ያገኘው ቁጥር ዛሬ ከምንቀበለው ከግማሽ በመቶ ትንሽ በለጥ ብሎ ዝቅ ያለ ነበር፤ አየር የጠብታዋን እንቅስቃሴ የሚያግድበትን ልክ ለማስላት የተጠቀመበት አኃዝ በጥቂቱ የተዛባ በመሆኑ ነው። ጎበዝ ተማሪ ይህን ሲሰማ የራሱ ስሌት ውስጥ ያስገባውን አኃዝ ከየት እንዳመጣው ተመልሶ ያያል፤ እኔ በበኩሌ ከዚህ የተሻለ የፊዚክስ ትምህርት አላውቅም።

ሮበርት ሚሊካን ደግሞ ራሱ የሊበራል አርትስ ኮሌጅ ልጅ ነው። እዚሁ ኦሃዮ ባለው ኦበርሊን ኮሌጅ ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1891 ሲመረቅ አብልጦ የሚወደው ግሪክኛና ሒሳብ ነበር። ወደ ፊዚክስ ያስገባውም የግሪክኛ መምህሩ ነው፤ ለጀማሪዎች ፊዚክስ እንዲያስተምር ጠይቆት ሚሊካን ስለ ትምህርቱ ምንም እንደማያውቅ ቢናገርም፣ ግሪክኛውን እንዲህ የተወጣ ሰው ፊዚክስም ማስተማር ይችላል ብሎ አሳመነው። በ1923 ኖቤል ተሸለመ። ከኦበርሊን በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ርቆ የሚገኘው ዉስተር ኮሌጅ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1913 ያስመረቀው አርተር ኮምፕተን በ1927 የኖቤል ተሸላሚ ሆኗል። ጨረር ከኤሌክትሮን ጋር ሲጋጭ ከጉልበቱ እንደሚቀንስ ያሳየበት ያ ሙከራ ዛሬ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ የቤተ ሙከራ ሥራ ነው፤ ሲዝየም 137 ከተባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በ662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ ነው) የሚወጣው ጋማ ጨረር በ90 ዲግሪ ሲበተን 288 አካባቢ ሆኖ ይለካል። በዉስተር ኮሌጅ የሚመረቅ ማንኛውም ተማሪ፣ የፊዚክስም ይሁን የታሪክ፣ በአንድ አስተማሪ ቅርብ ክትትል የራሱን የምርምር ሥራ ሠርቶ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

የኖቤል ተሸላሚ መቁጠር ለወላጅ ብዙ የሚረዳ አይመስለኝም፤ ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ መቼም አይታሙም። ይልቅ የሚጠቅመው ሰዎቹ በኮሌጅ ሳሉ የሠሩትን ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ከሀቨርፎርድ ኮሌጅ የተመረቀው ጆሴፍ ቴይለር ለመመረቂያ ሥራው የሚሠራ ራዲዮ ቴሌስኮፕ ገጣጥሞ ነበር፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ከተማሪው ከራስል ኸልስ ጋር ሆኖ ጥንድ ፑልሳር (ከሌላ ኮከብ ጋር እየተዟዟረ በየቅጽበቱ የራዲዮ ሞገድ የሚልክ ኮከብ) ያገኘው በራዲዮ ቴሌስኮፕ ነው። በሀቨርፎርድ አቅራቢያ ያለው ስዋርትሞር ኮሌጅ ደግሞ በማዕረግ መመረቅ የሚፈልጉ ተማሪዎቹን የሚያስፈትነው ከሌሎች ተቋማት በሚጋብዛቸው ምሁራን ነው። ያስተማረው ሰው ነጥብ አይሰጥም፤ በጽሑፍና በቃል የሚመረምረው ከውጭ የመጣው ነው። ከጽንፈ ዓለም መጀመሪያ የተረፈውን ጨረር የለካውን የኮቤ ሳተላይት ምርምር በመምራት በ2006 ኖቤል የተካፈለው ጆን ማዘር በ1968 የተመረቀው ከዚህ ኮሌጅ ነው። በኦሪገን የሚገኘው ሪድ ኮሌጅ ከ1968 ጀምሮ 250 ኪሎ ዋት ጉልበት ያለው የምርምር ኒውክሌር ሪአክተር አለው፤ የሚያንቀሳቅሱትም በአብዛኛው ከአሜሪካ የኒውክሌር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ያወጡ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ናቸው። ሥልጠናውን ለመውሰድ የፊዚክስ ተማሪ መሆን እንኳ አያስፈልግም፤ ፈተናው ግን ለማንም አይቀልም። ከተማሪ ቁጥራቸው ጋር ሲነጻጸር በሳይንስ እስከ ዶክትሬት የሚዘልቁ ብዙ ተመራቂዎችን ከሚያፈሩ የአሜሪካ ተቋማት መካከል ሪድ፣ ስዋርትሞር፣ ካርልተንና ሀርቪ ማድ ዘወትር ከፊተኞቹ ተርታ የሚገኙት በአጋጣሚ አይደለም።

በእኛም ቢሆን ትንሽ ኮሌጅና ቁም ነገር ያለው ፊዚክስ አብረው የኖሩበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 አራት ኪሎ ላይ የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ታሪክንና ቋንቋን የመሳሰለውንም ሳይንሱንም በአንድ ግቢ ያስተምር የነበረ አነስተኛ ተቋም ነው። ለዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ዝግጅት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ካቶሊክ ማኅበር አባል አባ ፒየር ጉዌን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን፣ ማለትም የምድርን መግነጢስና መንቀጥቀጥ የሚለካውን ጣቢያ፣ ያቋቋሙት በዚያው ነው፤ አዲስ አበባ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ በመሆኗ እዚያ የሚወሰደው ልኬት በሌላው ዓለም ይፈለግ ነበር። የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ያሰባሰቡበት ሥራቸው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልለፍ። ትንሽ የፊዚክስ ዲፓርትመንት አራት ወይም አምስት አስተማሪ ብቻ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ ዋናዎቹ የላይኛ ዓመት ኮርሶች እንኳ በየዓመቱ ሳይሆን በየሁለት ዓመቱ ይሰጣሉ፤ ኳንተም መካኒክስ የሚሰጥበትን ሴሚስተር ውጭ አገር ሄዶ ያሳለፈ ተማሪ ሲመለስ ኮርሱን ሳያገኝ የሚመረቅበት ጊዜ ይደርሳል። አንዱ ፕሮፌሰር ለምርምር ዓመት ዕረፍት ሲወጣ እርሱ ብቻ የሚያስተምረው ኮርስ አብሮት ይወጣል። የጠጣር ቁሶች ፊዚክስ፣ የጥቃቅን ቅንጣቶች ፊዚክስ ወይም አጠቃላይ አንጻራዊነት በብዙዎቹ ዘንድ ወይ የለም፣ ወይ ተማሪው ለብቻው ከአስተማሪ ጋር የሚያነበው ነው። ገና ሁለተኛ ደረጃ ሳለ ካልኩለስንና መካኒክስን ጨርሶ የመጣ፣ በሦስተኛው ዓመቱ የድኅረ ምረቃ ኮርስ ለመውሰድ የሚቸኩል ልጅ ካለ፣ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ይሻለዋል ብዬ እኔው ራሴ እመክረዋለሁ። ከአምስት ያነሱ ተማሪዎች በሚመረቁበት ዲፓርትመንት ውስጥ ደግሞ የቤት ሥራ አብሮ የሚሠራ ጓደኛ ማጣትም አለ፤ ፊዚክስን ብቻውን ታግሎ የሚዘልቅ ብዙ ሰው የለም። ይህን ችግር በጉርብትና የሚያቃልሉ ኮሌጆች አሉ። የአምኸርስት፣ የስሚዝና የማውንት ሆልዮክ ኮሌጆች ተማሪዎች በአውቶቡስ ሄደው በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት ኮርስ መውሰድ ይችላሉ፤ የስዋርትሞርና የሀቨርፎርድ ተማሪዎችም በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ እንዲሁ። ጎረቤት የሌለውን ኮሌጅ የመረጠ ግን ያለውን ይዞ መኖር ነው።

ከአገር ቤት የሚመጡትንም እዚህ የተወለዱትንም ልጆቻችንን ሲያሰናክል የማየው ነገር ከዚህ ሁሉ ቀለል ያለ ነው። የመግቢያ ፊዚክስ በብዙ ኮሌጆች በሁለት መንገድ ይሰጣል፤ አንዱ በካልኩለስ፣ ሌላው በአልጀብራ ብቻ። ሁለተኛው በዋናነት የተዘጋጀው ሕክምና ለመማር ለሚያስቡ ነው። ወላጅ ሐኪም ሁን ብሎ የላከው ልጅ በአልጀብራ የሚሰጠውን ወስዶ፣ ፊዚክሱን ወዶት ልቀጥልበት ሲል በሩ ጠቦ ያገኘዋል። ኮርሶቹ አንዱ ላንዱ ቅድመ ሁኔታ ስለሆኑም በመጀመሪያው ሴሚስተር መካኒክስ ያልጀመረ ተማሪ በአራት ዓመት ለመጨረስ ጉልበቱን መጨረስ አለበት። የመመዝገቢያው ቀን ሳያልፍ አንድ ጥያቄ ለአማካሪ ማቅረብ ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ ልጆቻችን ግን መምህር ማስቸገር ነውር ነው ተብለው ስላደጉ አይጠይቁም።

በጽሑፋችሁ ጨርሶ ያልተነሳው የገንዘቡ ጉዳይም አለ። ለፊዚክስ ተማሪ የክረምት ምርምር ከኮርስ የማይተናነስ ነው፤ ሆኖም የአሜሪካ ናሽናል ሳይንስ ፋውንዴሽን ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው የሚደግፈው የክረምት ምርምር መርሐ ግብር ክፍያው ለአሜሪካ ዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ብቻ ነው። ግሪን ካርድ ያለው፣ እዚህ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የሚኖር ልጅ ያገኘዋል፤ በተማሪ ቪዛ ከአዲስ አበባ የመጣው አያገኘውም። ለእርሱ የሚያዋጣው ኮሌጁ በራሱ ገንዘብ ተማሪዎችን ክረምቱን ከፕሮፌሰሮች ጋር የሚያሠራ መሆን አለመሆኑ ነው፤ ብዙዎቹ ሀብታም ኮሌጆች ያሠራሉ። ፊዚክስ በተማሪ ቪዛ ደንብ ከሳይንስና ቴክኖሎጂ መስኮች የሚቆጠር በመሆኑም ዲግሪው ከሊበራል አርትስ ኮሌጅ ቢሆንም ተመራቂው ከምረቃ በኋላ ከሚፈቀደው የአሥራ ሁለት ወር የሥራ ልምምድ በላይ የሃያ አራት ወር ተጨማሪ ለመጠየቅ ይችላል፤ ይህን ደብዳቤ እስከምጽፍበት ጊዜ ያለው ደንብ ይህ ነው። አምኸርስትን የመሰሉ ጥቂት ኮሌጆች የውጭ አገር አመልካችን የመክፈል አቅም ሳያዩ ተቀብለው የጎደለውን ይሞላሉ። በብዙዎቹ ዘንድ ግን ለውጭ ተማሪ የተመደበው ገንዘብ ውስን ነው፤ የመክፈል አቅምም ከመቀበያ መመዘኛው ይገባል።

ልጁ መሐንዲስ እንዲሆን የሚፈልግ ወላጅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው የሦስትና ሁለት ዕቅድ ነው። ሦስት ዓመት በኮሌጁ ፊዚክስ ተምሮ፣ ሁለት ዓመት እንደ ኮሎምቢያ ወይም በሴንት ሉዊስ እንዳለው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ባለ ቦታ ምሕንድስና ጨርሶ ሁለት ዲግሪ ይዞ መውጣት ማለት ነው። በወረቀት ላይ ያማረ ነው። በተግባር ግን በርካታ ተማሪዎች በሦስተኛው ዓመት ላይ ጓደኞቻቸውንና የጀመሩትን ምርምር ጥለው መሄድ አቅቷቸው ይቀራሉ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በመጀመሪያው ኮሌጅ ያገኙት ድጎማ አብሯቸው አይሄድም። ሁለተኛው ተቋም ለውጭ ተማሪ ምን ያህል እንደሚረዳ በጽሑፍ ሳያረጋግጡ በዚህ ዕቅድ ተማምኖ ኮሌጅ መምረጥ አይገባም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አንቀጹን እንድትሰርዙት ሳይሆን በሌላ እንድትተኩት ነው። ወላጅ የኮሌጁን ስምና ደረጃ ከማየቱ በፊት የፊዚክስ ዲፓርትመንቱን የኮርስ ዝርዝር ይክፈት፤ በኮሌጁ የኮርስ መዘርዝር ላይ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ባለፉት አራት ሴሚስተሮች በእርግጥ የተሰጡትን የላይኛ ዓመት ኮርሶች፣ ባለፈው ክረምት ስንት ተማሪ በኮሌጁ ገንዘብ ምርምር እንደሠራና ከእነርሱ ስንቱ የውጭ አገር ተማሪ እንደነበረ፣ የቅርብ ጊዜ ተመራቂዎችም የት እንደደረሱ ለዲፓርትመንቱ ኃላፊ በኢሜይል ይጠይቅ፤ ቢቻል ደግሞ ልጁ ራሱ ይጻፍ። በትንሽ ኮሌጅ እንዲህ ያለውን ደብዳቤ የሚመልሰው ጸሐፊ ሳይሆን በመስከረም ወር መካኒክስ የሚያስተምረው ሰው ራሱ ነው፤ መልስ የማይሰጥ ከሆነም ያን ኮሌጅ ከዝርዝሩ ማውጣት ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢና የፊዚክስ መምህር
ኦሃዮ፣ አሜሪካ